የስራ ሂደት ካርታ አሰልጥነን ካርታው ግድግዳ ላይ ቀረ፣ ሁለተኛውን ዙር እንዴት ልስጠው?

ቅኝት_ክፍል፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ የህብረተሰብ ጤና ላይ የምትሰሩ ወይ የስራ ሂደት ማሻሻል ላይ ልምድ ያላችሁ ሰዎች እስቲ አንድ ነገር ላማክራችሁ።

የበሽታ ቅኝት ክፍል ውስጥ ነው የምሰራው። ሰራተኞቻችን የራሳቸውን የስራ ሂደት በካርታ (ስራው ደረጃ በደረጃ የሚያልፍበትን በሚያሳይ ስዕል) እንዲስሉና እንዲተነትኑ አሰልጥኚ ተብዬ ተመደብኩና የመጀመሪያውን ዙር ለ22 ሰው ሰጠሁ። ሶስት ቀን ነበር። ነርሶች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ዳታ የሚያስገቡ ልጆች፣ የቅኝት ባለሙያዎች ሁሉም አሉበት። በመጀመሪያው ቀን ስላይድ አሳየሁ፣ የሂደት ካርታ ምንድነው፣ ምልክቶቹ ምን ምን ናቸው፣ ስዊምሌን (ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ መስመር ያለው ካርታ) እንዴት ይሰራል ምናምን። በሁለተኛው ቀን በአምስት ቡድን ተከፍለው ሳሉ። በሶስተኛው ቀን አቀረቡ፣ ተጨበጨበ፣ ሰርተፍኬት ተሰጠ፣ ተለያየን።

ከሁለት ወር በኋላ ለክትትል ሄድኩ። ካርታው ግድግዳ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል፣ በጣም ያምራል፣ በቀለም ሁሉ ነው የተሰራው። ላዩ ላይ "የበሽታ ሪፖርት ፎርም በ24 ሰዓት ውስጥ ይላካል" የሚል ሳጥን አለ። ከካርታው ስር ጠረጴዛ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ የፎርም ክምር አለ፣ አንስቼ ሳየው ከታች ያለው የተሞላው ከ11 ቀን በፊት ነው። ክምሩን ይዤ እዛው ቆሜ ቀረሁ። ማንም አልዋሸኝም እኮ፣ ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ግን የሳሉት መመሪያው የሚለውን እንጂ የሚሰሩትን አልነበረም። ተመልሼ አምስቱንም ካርታ ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ቃል በቃል ነው የሚመሳሰሉት። አንዱም ላይ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። ሳይሟላ ተመለሰ የሚል የለም። ስልክ ደውሎ ማጣራት የለም። ትንተናው ላይ ደሞ ሁሉም ቡድን ያው ሶስት ነገር ነው የጻፈው፣ የሰው ሃይል እጥረት፣ የበጀት እጥረት፣ የስልጠና እጥረት።

ሁለተኛው ዙር ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው፣ ያንኑ ስላይድ ይዤ መግባት አልፈልግም። ሰው መሬት ላይ ያለውን እንዲስል እንዴት ነው የማደርገው? ከሳሉ በኋላስ ሂሳብ ለማይወድ ሰው የሚሆን ትንተና ምን አለ? አለቃቸው ክፍል ውስጥ ቢኖር ይሻላል ባይኖር? ከልቤ ነው የምጠይቀው፣ እህታችሁ ነኝ፣ ያያችሁትን አካፍሉኝ።

—

ነባር_አሰልጣኝ፦

እህቴ በመጀመሪያ ያንን ክምር አንስተሽ ማየትሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ አሰልጣኝ ካርታውን ፎቶ አንስቶ ሪፖርቱ ላይ ለጥፎ ነው የሚመለሰው።

እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ ያለው ጥያቄው ላይ ነው። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ "ስራችሁን ሳሉ" ሲባል ሰው ትዝ የሚለው መሆን ያለበት ነገር ነው፣ በዛ ላይ ጠያቂዋ ከላይ የመጣች ከሆነች ማን ነው ተነስቶ እኛ ጋ ፎርም 11 ቀን ያድራል የሚለው። ስለዚህ "ስራችሁን ሳሉ" የሚለውን ተይውና "ይቺ ፎርም ምን ምን ደረሰባት?" በያቸው። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ እውነተኛ ፎርም፣ ጉዳዩ ያለቀለት፣ የታካሚው ስምና አድራሻ የተሸፈነ፣ እጁ ላይ ስጪው። ፎርሟ የት ተሞላች፣ ማን እጅ ገባች፣ የት አደረች፣ ለምን ተመለሰች፣ ማን ማህተም አደረገባት። ሰው ስለራሱ ሲጠየቅ ይከላከላል፣ ስለ ወረቀት ሲጠየቅ ግን ያወራል። ይሄን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ምልክት ማስተማር ላይ ጊዜሽን አትጨርሺ። የሂደት ቻርት የሚባለውን ነገር ፍራንክና ሊሊያን ጊልብሬዝ በ1921 ለአሜሪካ የሜካኒካል መሃንዲሶች ማህበር ሲያቀርቡት ሃሳቡ ስራን ደረጃ በደረጃ በዓይን እንዲታይ ማድረግ ነበር፣ በኋላ በ1947 ማህበሩ ምልክቶቹን አምስት አድርጎ አጸደቃቸው። ክብ ስራ ነው፣ ቀስት ከቦታ ቦታ መሄድ፣ አራት ማዕዘን መመርመር ወይ ማጣራት፣ የላቲኑ "ዲ" መጠበቅ፣ በአናቱ የቆመ ሶስት ማዕዘን ማስቀመጥ። እኔ እስካሁን በነዚህ አምስት ነው የማሰለጥነው። ምክንያቱም መጠበቅ የራሱ ምልክት አለው! ምልክቱን አንዴ ካወቁት ሰዎቹ ራሳቸው መፈለግ ይጀምራሉ፣ "እዚህ ጋ አንድ ዲ አለች" ይባባላሉ። ሳጥንና ዳይመንድ (ውሳኔ የሚያሳየው ቅርጽ) ብቻ ስታስተምሪ ግን መጠበቅን የሚያስቀምጡበት ቦታ ራሱ የላቸውም፣ ታዲያ ከየት ይምጣ። ቢፒኤምኤን የሚባለው ብዙ ምልክት ያለው የሂደት ካርታ አሳሳል ደግሞ ሲስተም ለሚገነቡ ሰዎች ጥሩ ነው፣ ለነርስና ለላብ ባለሙያ በሶስት ቀን ስልጠና ላይ ሸክም ነው።

አንድ ህግ ደሞ አለኝ፣ "ማስተባበር"፣ "መከታተል"፣ "ማጠናከር" የሚሉ ቃላት ሳጥን ውስጥ አይገቡም። ማስተባበርን በዓይኑ ያየ ሰው የለም። ደወለች፣ ጻፈች፣ ፈረመች፣ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ይዛ ወጣች፣ እንደዚህ ነው የሚጻፈው። ይቺ ብቻ ካርታውን ግማሽ ታስተካክለዋለች፣ ምክንያቱም "ክትትል ይደረጋል" የሚለው ሳጥን ሲፈነቀል ውስጡ አራት ስልክና ሁለት ቀን ይገኛል።

ሁለተኛውን ቀን ክፍል ውስጥ አታሳልፊው። ሁለት ሁለት ሆነው ወረቀቱ የሄደበትን መንገድ በእግራቸው ይሂዱ፣ አንዱ ይጠይቃል አንዱ ይጽፋል። ጥያቄው "ብዙውን ጊዜ ምን ታደርጊያለሽ?" ከሆነ መልሱ መመሪያው ነው። "ለመጨረሻ ጊዜ እንዲህ አይነት ፎርም ሲመጣ ምን አደረግሽ?" ከሆነ ግን መልሱ ትዝታ ነው። ከዛስ? ማን ጋ ሄደ? ሳይሟላ ቢመጣስ? እስኪመለስ ምን ስትሰሪ ቆየሽ? በቃ እነዚህ ይበቃሉ።

ትንተናው ላይ ሂሳብ የምትፈሪ አይመስለኝም ግን ለነሱ ሁለት ቁጥር ይበቃቸዋል። አንደኛው እጅ የነካበት ጊዜና ያለፈው ጊዜ። ለምሳሌ አንድ ፎርም ከተሞላ ጀምሮ ውጤቱ እስኪመለስ 9 ቀን ፈጀ እንበል፣ በዛ ውስጥ ሰው በትክክል የሰራበት ተደምሮ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ቢሆን ከጠቅላላው ጊዜ 1 በመቶ እንኳን አይሞላም። ይሄን ራሳቸው ደምረው ሲያገኙት ክፍሉ ጸጥ ይላል። ምክንያቱም እስከዛች ደቂቃ ድረስ ሁሉም ሰው ፈጥነን እንስራ ነበር የሚለው፣ ለካ ጊዜው የሚያልቀው ማንም በማይሰራበት ሰዓት ነው፣ ርክክብ ላይ።

ሁለተኛው ክምሩን መቁጠር ነው። ጠረጴዛው ላይ 60 ፎርም ካለ፣ በቀን ደሞ 12 የሚወጣ ከሆነ፣ አንድ ፎርም በአማካይ 5 ቀን ያድራል ማለት ነው። ጆን ሊትል የሚባል ሰው በ1961 በሂሳብ ያረጋገጠው ነገር ነው፣ የሚገባውና የሚወጣው እስከተመጣጠነ ድረስ ይሰራል። ሰዓት ሳትይዢ፣ ማንንም ሳታስጨንቂ፣ ክምር በመቁጠር ብቻ።

"እጥረት" የምትለዋን ቃል ደሞ አልከለክላቸውም ግን አድራሻ እጠይቃለሁ። የሰው ሃይል እጥረት የትኛው ሳጥን ላይ? በቀን ስንት ሰዓት ነው የጎደለው? አንዳንዴ እውነትም ሰው ነው የጠፋው፣ ያኔ ከነቁጥሩ ይጻፋል።

—

ናሙና_ተቀባይ፦

እኔ ላብ ውስጥ ናሙና መቀበያው ላይ ነኝ፣ ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ካርታ ላይ የማይወጣው ስራ ብዙ ጊዜ ስልክ ላይ ነው ያለው።

እኛ ጋ ስልኩ አጠገብ አንዲት ጠርዟ የተበላ ደብተር አለች። ቲዩቡ ላይ ያለው መለያ ቁጥርና ፎርሙ ላይ ያለው ካልገጠመ፣ ወይ ናሙናው የተወሰደበት ቀን ካልተጻፈ፣ ናሙናውን ፍሪጅ አስገብተን ላኪውን እንደውላለን፣ ካላነሳ ደብተሯ ላይ እንጽፋለን፣ በኋላ እንደገና እንደውላለን። አንድ ሳምንት ሙሉ እያንዳንዱን ስልክ በጭረት መዘገብኩ፣ 41 ሆነ፣ ከ41 ውስጥ 29ኙ መለያ ቁጥር አልገጠመም የሚል ነው። እኔ ይሄን ስራ ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር፣ በቃ በየመሃሉ የሚሰራ ነገር ነው። የላብ ካርታችን ላይ ግን "ናሙና መቀበል" የምትል አንዲት ሳጥን ናት ያለችው።

ምክንያቱን ስንከታተለው ጤና ጣቢያው ውስጥ ፎርሙን የምትሞላዋና ቲዩቡ ላይ የምትጽፈው ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ሁለት የተለያየ ክፍል ውስጥ፣ አንዷ የካርድ ቁጥር ትጽፋለች አንዷ የቅኝት መለያ ቁጥር። ሁለቱም ትክክል ናቸው! ማንም አላጠፋም። ሁለቱም ላብ ውስጥ ያለውን ክምር አይተውት አያውቁም፣ እኛም የነሱን ክፍል አይተነው አናውቅም። ስለዚህ ቡድን ስትመድቢ እባክሽን የላብ ሰው ከላብ ሰው ጋ አታስቀምጪ። ናሙና የሚወስደው፣ የሚያጓጉዘው፣ የሚቀበለው በአንድ ጠረጴዛ ይሁኑ። ሹፌሩም ጭምር። ስልጠና ላይ ሹፌር ሲጋበዝ አይቼ አላውቅም፣ ናሙናው ግን ከማንኛችንም በላይ እሱ ጋ ነው የሚቆየው።

ሹፌር ካልኩ አይቀር፣ መኪናው በሳምንት አንዴ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ናሙናው በማንኛውም ቀን ሊመጣ ይችላልና በአማካይ 3 ቀን ተኩል መኪና ይጠብቃል። በሳምንት ሁለቴ እኩል ተከፋፍሎ ከወጣ 1 ቀን ከሶስት ሩብ። ላብ ውስጥ ያለነውን ሰዎች የፈለግሽውን ያህል ብታሰለጥኚን ያቺ 3 ቀን ተኩል ፈቀቅ አትልም። ይሄን ከካርታው ላይ ማንበብ የቻለ ሰልጣኝ በቃ ሰልጥኗል።

—

የማታ_ተረኛ፦

እኔ ደስ የማይል ነገር ነው የምጽፈው ግን መባል ስላለበት ነው።

እኛ ጋ እንዲህ አይነት ስልጠና ተሰጥቶ ነበር፣ የት እንደሆነ ይቅር። መጀመሪያ ላይ በደንብ አወራን። መመሪያው ላይ የሌለ ነገር እንደምናደርግ፣ ማታ ላይ ፎርም ሳይሞላ ናሙና እንደምንልክና ጠዋት ላይ እንደምንሞላው፣ ለምን እንደሆነም ጭምር ነገርናቸው፣ ማታ አንድ ነርስ ብቻዋን ናት፣ ታካሚ ትታ ሶስት ገጽ ፎርም አትሞላም። በሁለተኛው ሳምንት ምን ሆነ መሰላችሁ፣ የያንዳንዳችን ስም ያለበት ሰንጠረዥ ተለጠፈ፣ ማን በስንት ደቂቃ እንደሚሰራ፣ ማን መመሪያ እንደጣሰ። ከዛ በኋላ የመጣ ጠያቂ ሁሉ መመሪያውን ነው ያነበብንለት። አሁንም ቢሆን ማንም እውነቱን አይናገርም፣ ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሏል።

ስለዚህ ጠያቂዋ እህቴ ልጆቹ መመሪያውን የሳሉት ስላላወቁ ላይሆን ይችላል። ከዚህ በፊት የሆነውን አስታውሰው ይሆናል። ዘዴ ከመቀየርሽ በፊት እሱን አጣሪ። ደሞ የሰው ሃይል እጥረት ብለው የጻፉትን በቀላሉ አትለፊው፣ ሶስት ሰው የሚሰራውን አንድ ሰው እየሰራች ካርታ ሳዪ ስትባል ምን ይሰማታል? ብዙ ቦታ ካርታ የሚሳለው ሰው ላለመቅጠር ነው የሚመስለን።

—

የክፍል_ኃላፊ_የነበርኩ፦

የማታ ተረኛ የጻፈችውን ሁለቴ አነበብኩት። እውነት ነው፣ እንደዛ የተደረገበት ቦታ ላይ ሰው ዝም ማለቱ ትክክል ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል ግን የተናገረውን ሰው ከቀጣሽው ማን ነው በሽታውን የሚነግርሽ።

ለሰባት አመት ገደማ ክፍል መርቻለሁ። ስለ አለቃ ለጠየቅሽው፣ በኔ ልምድ ሲስሉ አለቃው አይኖርም። መጨረሻ ላይ ግን የመጨረሻዋን አንድ ሰዓት መኖር አለበት፣ ያውም ለመስማት ብቻ ሳይሆን እዛው አንድ ነገር ለመወሰን። ይሄን ከስልጠናው በፊት ከሱ ጋ ተስማሚ፣ በቃል ሳይሆን በደብዳቤ፦ ካርታው ላይ የሰው ስም አይኖርም፣ የስራ መደብ ብቻ ነው የሚጻፈው፤ ከካርታው የተገኘ ነገር ለስራ አፈጻጸም ምዘና አይውልም፤ ኃላፊው በእለቱ ቢያንስ አንድ ለውጥ ይፈቅዳል። ካልተስማማ ስልጠናውን ማዘግየት ይሻላል ነው የምለው፣ ምክንያቱም የማታ ተረኛ የነገረችን ነገር አንዴ ከሆነ ለመጠገን አመታት ይወስዳል።

የራሴን ልንገራችሁ። ልጆቹ እንዲህ ፎርም ተከትለው ሲያዩ ትልቁ "ዲ" የተገኘው የኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሁሉም የበሽታ ሪፖርት ከመላኩ በፊት የኔ ፊርማ ያስፈልገው ነበር፣ እኔ ደሞ ሜዳ ላይ ወይ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ፎርሙ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴ ሶስት ቀን ይጠብቀኛል። ከዛ አንዷ ልጅ በጣም በትህትና "ባለፈው አመት ሳይፈርሙ የመለሱት፣ አይሆንም ያሉት ፎርም አለ?" አለችኝ። አሰብኩ፣ አንድም አልነበረም። አንብቤ የማስተካክለው ነገር ሳይኖር ነው ያን ሁሉ ጊዜ ሳስጠብቅ የነበረው። የዛኑ ቀን ፊርማውን አነሳሁት፣ ቅጂው እንዲደርሰኝ ብቻ አደረግሁ። ይሄ የመጀመሪያው ለውጥ የኔን ስራ የነካ መሆኑ ነው ለሌላው ሰው ድፍረት የሰጠው፣ ከዛ በኋላ ሌላው ሁሉ መናገር ጀመረ።

የሰው ሃይል ጉዳይ ላይ ደሞ ከማታ ተረኛ ጋ ነኝ። እኛ በመጨረሻ አንድ ተጨማሪ የዳታ ሰው የተፈቀደልን በካርታው ነው፣ ፎርሙ የሚያድርበትን ሳጥን፣ የክምሩን ብዛት፣ በቀን የሚወጣውን አስቀምጠን "ይሄ ሳጥን በቀን 4 ሰዓት ይጎድለዋል" ብለን ስንጽፍ የሚከራከር ጠፋ። በፊት ሶስት አመት ሙሉ "የሰው ሃይል እጥረት" እያልን ስንጽፍ መልስ አልነበረውም።

—

ዳታ_አስገቢ፦

ሁላችሁም ጊዜ ላይ ናችሁ፣ እኔ ጥራት ላይ ልጨምር። እያንዳንዱ ርክክብ ላይ ተቀባዩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፣ "ከሚመጣልህ 100 ውስጥ ስንቱ ነው ምንም ሳትጠይቅ፣ ምንም ሳታስተካክል ልትሰራበት የምትችለው?" እያንዳንዱ ደረጃ 90 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው ትላላችሁ አይደል፣ አራት ርክክብ ካለ ግን 0.9 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 66 በመቶ ገደማ ነው፣ ከሶስት ፎርም አንዱ መሃል ላይ የሆነ ቦታ ተመልሷል ወይ ታርሟል ማለት ነው። ይሄን ቁጥር ላኪው አያውቀውም፣ ተቀባዩ ነው የሚያውቀው፣ ለዚህ ነው ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ያለባቸው።

ሌላው ድግግሞሽ ነው። ሰልጣኞቹን የታካሚው እድሜ ስንት ቦታ እንደሚጻፍ ቁጠሩ በያቸው። እኛ ጋ ካርድ ላይ፣ መዝገብ ላይ፣ ፎርም ላይ፣ የላብ መጠየቂያ ላይ፣ ኤክሴል ላይ፣ በመጨረሻ ሲስተሙ ላይ፣ ስድስት ቦታ። ስድስቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጪያቸው አንዳንዱ ላይ ሁለት የተለያየ እድሜ ታገኛለሽ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው ስራው። ሲስተም ሲገባ ደሞ ኤክሴሉን አቁሙ ያለን የለም፣ ሁለቱንም ነው የምንሞላው። ስለዚህ አዲስ ሶፍትዌር ሊገዛ ነው ወይ ዲጂታል ልናደርገው ነው ከተባለ ካርታው ከዛ በፊት ይሰራ፣ የትኛው ወረቀት እንደሚቆም ተጽፎ ይፈረምበት፣ ካለዚያ ለኛ የሚመጣልን ሰባተኛ ቦታ ነው።

ሰዎቹ ይሄ ሁሉ ለምን ይጠቅማል ካሉሽ ደግሞ ከሚያውቁት ነገር ጋ አያይዢላቸው። ዓለም አቀፉ የጤና ደንብ፣ የ2005ቱ፣ አገራት ስለ አንድ ክስተት መረጃ በደረሳቸው በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲገመግሙ፣ ማሳወቅ ያለበት ሆኖ ከተገኘ ደሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት እንዲያሳውቁ ይጠይቃል። በ2021 የቀረበው ሰባት አንድ ሰባት የሚባለው ግብም አለ፣ ወረርሽኝን በ7 ቀን ማወቅ፣ በ1 ቀን ማሳወቅ፣ በ7 ቀን የመጀመሪያውን ምላሽ ማጠናቀቅ። አሁን ያንን የ11 ቀን ክምር ከጎኑ አስቀምጪው። ክምሩ ውስጥ አንዷ ፎርም ኩፍኝ ብትሆንስ? እኔ ይሄን ሳስብ ነው ስራው ደስ የሚለኝም የሚያስፈራኝም።

—

ቅኝት_ክፍል፦

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ፣ የማታ ተረኛ አንቺን በተለይ። የጻፍሽውን ካነበብኩ በኋላ ከመጀመሪያው ዙር ሰልጣኞች ለሁለቱ ደወልኩና "ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ተሰርቶ ያውቃል ወይ" አልኳቸው፣ አንደኛዋ ዝም ብላ ቆየችና አዎ አለች። ስለዚህ ኃላፊው የነበሩት ሰውዬ ያሉትን ሶስት ነገር በደብዳቤ አዘጋጅቼ አስገብቻለሁ፣ የስም ነገሩና የምዘናው ነገር ተፈቅዷል፣ ሶስተኛው ላይ እየተነጋገርን ነው።

ደሞ ዙሩ እስኪደርስ ቁጭ ከምል ብዬ ያ ክምር ያለበት ቦታ ሄድኩ፣ ያለ ስላይድ፣ ያለ ምንም። ፎርሙን ከምትይዘው ሴትዮ ጋ ተቀመጥንና የመጨረሻዎቹን 10 ያለቀላቸው ፎርሞች አወጣን፣ መርጠን ሳይሆን የመጨረሻዎቹን። ቀኖቹን በወረቀት ጻፍን። ከ10ሩ 7ቱ የተላኩት ሐሙስ ቀን ነው። እኔ አላስተዋልኩም፣ እሷ ናት ጣቷን ሐሙስ ላይ እያስኬደች "አይ፣ ሁሉም ሐሙስ ነው እኮ" ያለችው። ለምን ሐሙስ ስላት ድሮ ወረቀቱን የሚወስደው መልዕክተኛ ሐሙስ ይመጣ ነበር አለች። አሁንስ? አሁን በኮምፒውተር ነው የሚላከው፣ መልዕክተኛው ከቀረ ከአመት በላይ ሆኖታል፣ ግን "ሐሙስን ተዪው ያለኝ ሰው የለም" አለችኝ። 11 ቀን የሆነው ደሞ አንዱን ሐሙስ ፈቃድ ላይ ስለነበረች ነው። ከሷ ሌላ የሚልክ ሰው የለም። ዲውን ራሷ ናት በእስኪርቢቶ የሳለችው፣ ከስሯ "ሐሙስን መጠበቅ" ብላ ጻፈችበት።

እውነቱን ለመናገር እዛ ክፍል ውስጥ ሰነፍ ሰው አለ ብዬ ነበር የሄድኩት፣ ደግሜ እንዳስብ ስላደረጋችሁኝ ነው እንደዛ ሳልላት የቀረሁት።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ከስልጠናው በኋላ እንደ ድሮው ግድግዳ ላይ እንዳይቀር ምን ላድርግ? ሶስቱን ቀን በአንድ ላይ መስጠቱስ ግዴታ ነው?

—

ነባር_አሰልጣኝ፦

የሐሙሷን ታሪክ ሁለተኛው ዙር ላይ ከማንኛውም ስላይድ በፊት ንገሪያቸው፣ ሴትየዋ ከፈቀደች ራሷ ትንገራቸው።

ሶስቱን ቀን አታያይዢው። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ፣ ምልክቶቹንና አንድ ፎርም መከተልን። ከዛ ሁለት ሳምንት ወደ ስራቸው ይመለሱና 10 ፎርም ይከተሉ፣ አንቺ ደሞ በመሃል አንዴ ሄደሽ እያቸው። ከዛ አንድ ቀን ትንተና፣ ሲወጡ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ለውጥ ብቻ፣ የሚሰራው ሰው የስራ መደብና ቀኑ የተጻፈበት። ሶስተኛውን ቀን ከአንድ ወር በኋላ አድርጊው፣ ያኔ እንደገና የመጨረሻዎቹን 10 ፎርም ይዘው ነው የሚመጡት። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ለውጡ አልሰራም ማለት ነውና ሌላ ይሞክራሉ፣ እሱም ችግር የለውም።

ስታወዳድሩ አማካይ አትጠቀሙ፣ አንዷ የ40 ቀን ፎርም ሁሉንም ታበላሸዋለች። 10ሩን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩና አምስተኛውንና ስድስተኛውን ደምራችሁ ለሁለት አካፍሉ፣ መሃለኛው እሱ ነው። የ40 ቀኗን ግን አትጣሏት፣ ለብቻዋ ተከተሏት፣ እንደ ሴትየዋ የፈቃድ ሐሙስ ያለ ነገር የሚገኘው እዛ ነው።

ካርታውን በእርሳስ ይሳሉት፣ ጥጉ ላይ የተሳለበት ቀን ይጻፍበት። ላሚኔት አታድርጉት። እኔ ለሰልጣኞች የምሰጣት ወረቀት ስምንት ዓምድ አላት፦ ምልክት የጀመረበት ቀን፣ ጤና ጣቢያ የመጣበት፣ ፎርሙ የተሞላበት፣ ናሙና የተወሰደበት፣ ላብ የተቀበለበት፣ ውጤት የወጣበት፣ ውጤት የተመለሰበት፣ ሲስተም ላይ የገባበት። ቀኑ ከሌለ ባዶ ይተዉት፣ በግምት አይሙሉት፣ መጨረሻ ላይ የትኛው ዓምድ ላይ ባዶ እንደበዛ ይቁጠሩ። አንቺ ጋ ሐሙስ ስለወጣ ዘጠነኛ ዓምድ ጨምሪበት፣ የተላከበት የሳምንቱ ቀን የሚል።